ያላነበብኩት መስመር

በዚያ ክረምት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስቀል፣ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የወጣችባቸው ቀናት አሥራ አንድ ናቸው። ቆጥሬአቸዋለሁ። ሥራዬ በር ላይ መቀመጥ ስለሆነ ለመቁጠር ጊዜ አላጣም። የቧንቧ ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነበር የሚመጣው፤ ዝናቡ ግን ከነዚያ ቀናት በቀር አልቀረም። መንገዱ ተቆፍሮ ስለተተወ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ሽንኩርት በኪሎ ይገዛ የነበረ ሰው በፍሬ መግዛት ጀመረ። እድራችን በሁለት ወር ስድስት ሰው ቀበረ፤ አራት ሽማግሎች፣ አንዲት አራስ፣ አንድ ሕፃን። ግንባታ ስለቆመ ብሎኬት የሚገዛ አልተገኘም። የአሰፋ ብሎኬት ማምረቻ ከነበሩት አሥራ ሁለት ሠራተኞች ዘጠኙ ተሰናበቱ። እኔ ቀረሁ። ያልተሸጠ ብሎኬት ዘበኛ ያስፈልገዋል።

አሰፋ አሠሪዬ ነበር፤ የእድራችንም ሊቀመንበር ነው። እኔ ሰይፈሥላሴ እባላለሁ። ንባብ የተማርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያ አራተኛ ክፍል ደርሼ አቆምኩ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከኮልፌ የሚመጣ ሚኒባስ ታክሲ ከማምረቻው በር ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ ቆመ። አሰፋ ፒክአፑ ላይ ሲሚንቶ ጭኖ ከኋላ ይመጣ ነበር። ጎማው ያለቀ ነው፤ አስፋልቱ እርጥብ ነው፤ እሱ ደግሞ ስልክ ያወራል። ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራተተ፤ ታክሲውን ከኋላ መታው።

በታክሲው የኋላ መስታወት የመጨረሻው ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ትታየኝ ነበር። ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ሄዶ በዚያው ቅጽበት ወደ ፊት ተመለሰ። ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወደቀ። ዘመነች ነበረች።

ዘመነች ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከማምረቻው በር ማዶ፣ ከፌርማታው ጀርባ ነው። የተማሪ ዩኒፎርምና የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ ማራኪ የምትባል አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አለቻት። ሁለቱም የሚኖሩት በአንዲት የስፌት መኪና ነው።

ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ደም የወጣው ሰው አልነበረም። አሰፋ ለታክሲው ሾፌር የተጣመመውን መከላከያ እዚያው ከኪሱ አውጥቶ ከፈለው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሳይጠራ ተለያዩ። ዘመነች ማጅራቷን በእጇ ይዛ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለች ነጠላዋንና ስትወርድ ጭቃ ውስጥ የወደቀውን የስፌት ጨርቋን አነሳች። ደንግጣ ስለነበር ሣቀችም። በኋላ ሰፈሩ ስለዚያ ጠዋት ያስታወሰው ያንን ሣቅ ብቻ ነው።

አሰፋ ለምን እንደቸኮለ አውቅ ነበር። የፒክአፑን መስታወት በየጠዋቱ የማጥበው እኔ ነኝ። እዚያ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሰኔ አልቋል፤ ክረምቱ ስለከበደው አላሳደሰውም። ሰው ተጎዳ ከተባለ ከራሱ ኪስ ነው የሚከፍለው፤ በዚያ ላይ ይከሰሳል። ይህን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

በማግስቱ ሽማግሌ ላከባት። ሦስት ነበርን። አንዱ የእድሩ ጸሐፊ ተክለማርያም ነው፤ በወገብ ሕመም ምክንያት በሐኪም ቦርድ ጡረታ ወጥቶ በልጁ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲወርድ ያመሸ ሰው ነው። ሁለተኛው ጆሮው ስለማይሰማ ለሽምግልና ሁልጊዜ የሚመረጥ አዛውንት ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ተክለማርያም ወረቀቱን ጽፎ ይዞ ነበር። በመንገድ ላይ አሰፋ አጠገቤ እየሄደ፣ ማንበብ ካለብኝ የመጨረሻውን መስመር እንዳልፈው ነገረኝ። የሕግ ቃል ነው አለ፤ ሴትዮዋን ማስፈራት ምን ያደርጋል አለ። ዘጠኙን ሠራተኞች እንዴት እንዳሰናበታቸው አይቻለሁ።

ዘመነች ሱቋ ውስጥ ግንባሯን በሻሽ አስራ ተቀምጣ ነበር። ማንበብ ታውቃለች። ወረቀቱን ተቀብላ ትንሽ አየችውና ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«ራሴን ይወጋኛል። ፊደሉም ይደራረብብኛል» አለች። «ጋሽ ሰይፈ፣ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ሁለቱ ጎረቤቶች በእግዚአብሔር ስም ይቅር ተባብለዋል የሚለውን አነበብኩ። ለተበላሸው ጨርቋ ስምንት መቶ ብር ተቀብላለች የሚለውን አነበብኩ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይል ነበር፤ ከዚህ አደጋ ጋር በተያያዘ አሁንም ሆነ ወደፊት ለሚታይ ማናቸውም የአካል ጉዳት ካሣ ላልጠይቅ ተስማምቻለሁ። እሱን ዘልዬ ቀኑን አነበብኩ። ፈረመች፤ እኛም በምስክርነት ፈረምን። ተክለማርያም መረቃት። ከዚያ አሰፋ ሥጋ ቤት ወስዶን ግማሽ ግማሽ ኪሎ ቁርጥ አስቆረጠልን። በዚያ ክረምት ሥጋ የቀመስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ጨርሼ በላሁ።

ረቡዕ ጠዋት ዘመነች ራሷን ከትራስ ማንሳት አቃታት። ማራኪ ሁለት እጇን ከማጅራቷ ሥር አስገብታ እንደ ሕፃን አቀናቻት። ጎረቤት ተሰብስቦ ጅማቷ ዞሯል ተባለና ወጌሻ መጣ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ አሻት፤ ከዚያ አገጯን ይዞ ጠመዘዘው። ጩኸቷ ማምረቻው ግቢ ድረስ ተሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ እጇ መደንዘዝ ጀመረ።

ሆስፒታል ሄዳ ራጅ ተነሳች። አጥንትሽ ደህና ነው ተባለች። ይህ ወሬ ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ገባ። አጥንቷ ደህና ከሆነ ምን ሆንኩ ትላለች? ቡዳ በላኝ የሚለውን ሰው ያምኑታል። ዓይነ ጥላ አለብኝ የሚለውን ያምኑታል። የማይታይ ሕመም አናምንም ያሉት ዘመነች ላይ ሲደርሱ ነው።

በመጨረሻ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ኤልሳቤጥ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መረመረቻት። ከኋላ በተመታ መኪና ውስጥ አንገት እንዲህ እንደሚሆን፣ የተጎዱት አጥንትን የሚይዙት ጅማቶች እንደሆኑ፣ ይህም በራጅ እንደማይታይ፣ ሕመሙም ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ እንደሚብስ አስረዳቻት። «አጥንትሽ ቢሰበር ይሻልሽ ነበር» አለቻት፤ «ቢያንስ ሰው ያምንሽ ነበር።» የአንገት መደገፊያ አሰረችላት፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንድትመላለስም ቀጠረቻት። እያንዳንዱ ቀጠሮ ዘመነች በሦስት ቀን የምታገኘውን ይበላል።

መደገፊያውን አስራ ሰፈር የገባችበትን ቀን አስታውሳለሁ። ከሱቋ አጠገብ ኪዮስክ ያላት ብርቱካን በመስኮቷ አንገቷን አውጥታ አየቻት።

«ዘሙ፣ ከረባቷ አማረችብሽ» አለች። «ሹመት ነው እንዴ?»

ከዚያ ወዲያ ስሟ ከረባት ሆነ። ታክሲ ስትሳፈር ወያላው፣ እትዬ፣ ባለ ከረባት ጋቢና ነው የሚቀመጠው ይላታል። ሰው ይስቃል። እውነትም ጋቢና ካልሆነ መቀመጥ አትችልም ነበር፤ የኋላው ወንበር ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ አንገቷን ይመታታል። ሾፌሩ አጠገብ ስትቀመጥ ደግሞ፣ ኢንሹራንስ ሊከፍላት ነው መሰለኝ ትኮራለች ይላሉ።

ወደ አሰፋ የመጣችው በነሐሴ ነው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰማሁ። ካሣ አላለችም። ለሕክምናው ብቻ ግማሹን እንዲያግዛት፣ የቀረውን እሷ እንደምትሞላ ለምና ነገረችው። አሰፋ ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ይቅር ብለሽኛል አላት። የእግዚአብሔርን ስም ጠርተሽ ፈርመሽ፣ አሁን ይቅርታሽን በብር ልትሸጪው ነው ወይ አላት። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ዓይኗ ፊት ያዘችው፤ አንገቷን መድፋት ስለማትችል እንደዚያ ነበር የምታነበው። የመጨረሻው መስመር ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

ስትወጣ አጠገቤ ቆመች።

«ይህን መስመር አንብበውልኝ ነበር?»

«አላስታውስም» አልኳት።

«እርስዎ? ፀሐይ የወጣችበትን ቀን የሚቆጥሩት?»

የበሩን መሸጎሪያ ከፈትኩላት።

«እሺ» አለች። «እስኪያስታውሱ እጠብቃለሁ።»

በመስከረም ከሰሰች። ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ ልጆች አግኝታ እነሱ ጻፉላት። ሰፈሩ ያን ጊዜ ተነሳባት። የእድራችን ደንብ አባል አባልን ለእድሩ ሳያስታውቅ መክሰስ አይችልም ይላል፤ ተክለማርያም ደንቡን አውጥቶ ቅጣት ጻፈባት። ሰው ሲሞት ሴቶቹ በየተራቸው ብረት ድስት ያነሳሉ፤ እሷ ማንሳት አልቻለችም። አጥንቷ ደህና ስለሆነ ከተራዋ አትወጣም ተብሎ ለዚያም ተቀጣች። ድንኳን ውስጥ ስትቀመጥ በሁለቱም በኩል ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል። ባሏ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቧ ያደሩ ሴቶች ናቸው እንዲህ ያደረጓት። በአሰፋ መኪና ሬሳቸው ተጭኗል፤ ከአሰፋ በዱቤ በወሰዱት ብሎኬት ቤታቸውን ሠርተዋል። ማንም ዘመነች ዋሽታለች ብሎ የሚምል የለም። የሚሉት ሌላ ነው። ብትታመምስ፣ ሰው ሰውን በአንገት ሕመም ይከሳል ወይ ይላሉ። እኛ ስንታመም ማንን ከሰስን ይላሉ። ያልከሰሱት ስለታገሡ መስሏቸዋል። ስለፈሩ ነው።

ክሱ እንደተከፈተ አሰፋ ጠራኝ። ወንበር ሰጠኝ፤ ከዚያ በፊት ሰጥቶኝ አያውቅም።

«ጋሽ ሰይፈ፣ የእርስዎ ዓይን ካሜራ ነው» አለኝ። «ፊት ለፊትዎ ናት። ምን እንደምታነሳ፣ መቼ ያን ነገር እንደምታወልቅ ይዩልኝ። ጠበቃዬ ምስክር ይፈልጋል። ደሞዝዎ ላይም የሆነ ነገር እናደርጋለን።»

እሺ አልኩት። በዚያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ይህ ነው። አንዲት የታመመች መበለት በድብቅ ማየት።

አየኋት። አምስት ሊትር ጀሪካን ስታነሳ አየሁ። ከማራኪ ጋር ስትስቅ አየሁ። አንድ ቀን መደገፊያውን አውልቃ ሱቋን ስትጠርግ አየሁ። ለአሰፋ ነገርኩት፤ ደስ አለው። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት በር ጠብቄአለሁ። ሰው ሲታይ ምን እንደሚያደርግ፣ የሚያየው የለም ብሎ ሲያስብ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ለይቼ አውቃለሁ። ሌባ የሚያዘው በዚያ ነው። ስለዚህ ሰው በሌለበት ሰዓት ማየት ጀመርኩ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ብርቱካን ኪዮስኳን ሳትከፍት፣ የመጀመሪያው ታክሲ ሳይመጣ።

በባዶው መንገድ ከኋላዋ ውሻ ሲጮህ አንገቷን አታዞርም። ቆማ መላ ሰውነቷን ታዞራለች፤ እግሯን፣ ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ ከዚያ ነው ዓይኗ የሚመጣው። ጀሪካኑን የምታነሳው በጉልበቷ ተንበርክካ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ነው። ስታስቀምጠው ግድግዳውን ይዛ ትቆማለች፤ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ይህን ሁሉ ለማን ታስመስላለች? ለውሻው?

አንድ ጠዋት የሱቋ መጋረጃ በነፋስ ተገለጠ። የስፌት መኪናዋን ብሎኬት ላይ ሰቅላዋለች። በአራቱም እግር ሥር ሁለት ሁለት ብሎኬት። ጨርቁን ለማየት አንገቷን እንዳትደፋ መርፌው ዓይኗ ትይዩ እንዲሆን አድርጋለች። ከፍ ስላለ ግን መርገጫው አይደርስላትም። ደንዛዛ ባልሆነው እጇ መዘውሩን እያዞረች፣ በደነዘዘው እጇ ጨርቁን እየገፋች ትሰፋ ነበር። የአንዲት ተማሪ ሸሚዝ አንድ እጅጌ ለመግጠም ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀባት ተቀምጬ አየሁ። በፊት አንድ ሙሉ ሸሚዝ በዚያ ጊዜ ትጨርስ ነበር። ስትጨርስ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ጭንቅላቷን በሁለት መዳፏ ያዘች፤ ለብቻው የማይቆም ዕቃ እንደሚያዝ። አላለቀሰችም። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛውን እጅጌ አነሳች።

ያን ቀን ለአሰፋ ምንም አልነገርኩትም። ሲጠይቀኝ ዛሬ አልመጣችም አልኩት።

ክሱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ቀጠሮ ይሰጣል፤ ጠበቃው አይመጣም፤ መብራት ይጠፋል፤ ዳኛ ይዛወራል። ማራኪ አሥራ ሁለተኛን ተፈትና፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባት ነጥብ አምጥታ፣ አንድ ዓመት አስተላልፋ እናቷ አጠገብ ቀረች። ቁልፍ መትከሉንና የልብሱን ጫፍ መዘምዘሙን እሷ ትይዛለች። ሱቁ የሁለት ወር ኪራይ አለበት፤ ባለቤቱ በመጪው ወር ካልተከፈለ እንደሚያስለቅቃቸው ነግሯቸዋል። ብርቱካን ይህንን ስታወራ፣ ካሣ ሲመጣ ፎቅ ትከራያለች እያለች ነበር።

ምስክር የሚሰማበት ቀን ደረሰ። የአሰፋ ምስክሮች ሁለት ነበርን፤ ተክለማርያምና እኔ። ተክለማርያም ወገቡን ይዞ እያነከሰ ገባና ወረቀቱ በደንብ ተነቦላት እንደፈረመች፣ ሽምግልናውም በሰላም እንዳለቀ ምሎ ተናገረ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። ማልኩ። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት። ዘመነች ፊት ለፊቴ መደገፊያዋን አስራ ተቀምጣለች፤ አሰፋ ከጠበቃው ጋር ነው።

ጠበቃው ውሃ ስታነሳ አይቻለሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይቻለሁ አልኩ። መደገፊያውን ስታወልቅስ? አይቻለሁ። ስትስቅስ? አይቻለሁ። በቃኝ ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ እንዴት እንደምታነሳም አይቻለሁ፣ አልጠየቁኝም አልኩት። ዳኛዋ ቀና አለች። እንድናገር ፈቀደችልኝ። ውሻውን፣ ጀሪካኑን፣ ብሎኬት ላይ የተሰቀለውን የስፌት መኪና ነገርኳት። ጠበቃው ተቃወመ። አሰፋ ዓይኔን ይፈልግ ነበር።

ከዚያ ዳኛዋ የእርቁ ወረቀት ላይ የእኔ ፊርማ መኖሩን አይታ፣ ማን አነበበላት ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንዳነበቡላት አድርገው ያንብቡልኝ።»

መነጽሬን አደረግኩ። አነበብኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«እዚህ ላይ ቀኑን ነበር ያነበብኩት። ይህችን መስመር ዘልያታለሁ።»

«ለምን?»

«አሰፋ ዝለላት ብሎኛል። ደሞዜን የሚከፍለኝ እሱ ነው። ኢንሹራንሱም በዚያን ጊዜ አልቆ ነበር። መስታወቱን የማጥበው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ያችን መስመር ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ቃል አነበብኳት። ዘመነች ስትሰማ አልተንቀሳቀሰችም። አንገቷን ማንቀሳቀስ እንደማትችል የማያውቅ ሰው በእኔ ላይ ያላት ቁጣ ነው ይል ነበር።

የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ደረሰችብኝ። ማራኪ ክንዷን ይዛታለች።

«ሁለት ዓመት ፈጀብዎት» አለችኝ።

«አዎ።»

በማራኪ ተደግፋ ደረጃውን ወረደች። እኔ ማምረቻው በር ስደርስ ጋቢዬና ወንበሬ ውጭ ተቀምጠው ጠበቁኝ። በእድሩም ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ትንሽ ነው። አልናፈቀኝም።

ፍርዱ በጥር ወጣ። እርቁ ጉዳቱ ሳይታወቅ፣ ሙሉው ሳይነበብ የተፈረመ ስለሆነ አይጸናም ተባለ። አሰፋ የሕክምናውንና የቀረባትን ገቢ አንድ መቶ ስልሳ ሺህ ብር እንዲከፍል ተወሰነበት። ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ተገለበጠ። ሁሉም ከጥንት ጀምሮ ያምናት እንደነበር አሁን ይናገራል። አንገታቸውን የሚያማቸው ሰዎች በዙ፤ ጠበቃዋ የት ነው እያሉ ይጠይቃሉ።

አሰፋ ግን አልከፈለም። ይግባኝ እላለሁ ብሎ ቆየ፤ ጠበቃው እንደማያዋጣው ሲነግረው ሌላ ነገር አሰበ። ተክለማርያምን ላከባት። ገንዘቡን እሑድ በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ በሰው ፊት፣ ለታመመች አባላችን ዕርዳታ ብሎ ሊሰጣት ይፈልጋል። ይጨበጨባል። እሷም ተነስታ ታመሰግናለች። ቅጣቶቿም ይሰረዙላታል። ተክለማርያም ይህን ሲነግራት እኔ ሱቋ ደጃፍ የተቀደደብኝን ኪስ እንድትሰፋልኝ ቆሜ ነበር።

ዘመነች መዘውሩን ማዞሯን አላቆመችም።

«አቶ ተክለማርያም፣ እኔ ዕርዳታ ጠይቄ ነበር» አለች። «በነሐሴ፣ ግቢው ድረስ ሄጄ። አልሰጠኝም። አሁን የምቀበለው ያለበትን ዕዳ ነው። ለፍርድ ቤት ያስገባ።»

ተክለማርያም ወደ እኔ ዞሮ እንድመክራት በዓይኑ ነገረኝ። ኪሴን አየሁ።

አሰፋ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ላከ። የፍርድ አፈጻጸም ሰዎች መጥተው ፒክአፑን ሲመዘግቡ ግን በማግስቱ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ በፍርድ ቤቱ ሒሳብ ገቢ አደረገ። ዘመነች የሱቁን ኪራይ ከፍላ፣ ለማራኪ የዩኒቨርሲቲ መሄጃ ሻንጣ ገዝታ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ብርቱካን ኪዮስክ ሄደች። የዱቤ ሳሙናዋን ልትከፍል ነበር። ብሩን ስታወጣ የፍርድ ቤቱ ደረሰኝ አብሮ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተዘረጋ።

ብርቱካን ጎንበስ ብላ አነበበችው። ዕርዳታ አይልም። በፍርድ የተወሰነ የአካል ጉዳት ካሣ፣ ሙሉ በሙሉ የተከፈለ ይላል።